ስለ ጥቁር አሜሪካውያን በጓዳ የሚባለው በአደባባይ ይነገር

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለሚገኙ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ማዕከላት፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የአማርኛ መገናኛ ብዙኃን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

አሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ስለ ዘር በሁለት አንደበት ይናገራል። አንደኛው በመሥሪያ ቤት፣ በልጆች ትምህርት ቤትና በነጭ ጎረቤት ፊት የሚናገርበት ነው፤ በዚያ ሰው ሁሉ እኩል ነው፣ ዘረኝነትም ነውር ነው። ሁለተኛው በር ተዘግቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ በአማርኛ የሚናገርበት ነው። በዚህኛው ጥቁር አሜሪካውያን «ጥቁሮቹ» ይባላሉ፤ ተናጋሪው ራሱን ከቁጥሩ አውጥቶ ነው የሚናገረው። «ዕድሉ በእጃቸው እያለ መሥራት አይወዱም»፣ «መንግሥት እየደጎመ አሰነፋቸው»፣ «ልጅሽ ከእነሱ ጋር እንዳትገጥም»፣ «ያ ሰፈር ጥቁር የበዛበት ነው፣ ቤት አትግዛበት» ይባላል። ይህ ደብዳቤ የሚመለከተው ሁለተኛውን አንደበት ነው። ንግግሩ ከየት እንደመጣ፣ ሲመረመር ምን እንደሚሆን፣ ማንን እንደሚጎዳና ደብዳቤው የተጻፈላቸው ተቋማት ምን ሊያደርጉበት እንደሚችሉ በቅደም ተከተል ይቀርባል። (ቀኖቹና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በዘር ጉዳይ የሚባለውና የሚደረገው አለመግጠሙ የኢትዮጵያውያን ብቻ ጠባይ አይደለም። ሪቻርድ ላፒየር የተባለ የሶሲዮሎጂ ምሁር ከ1930 እስከ 1932 ከአንድ ወጣት ቻይናዊና ከባለቤቱ ጋር በመኪና አሜሪካን ዞረ። በቻይናውያን ላይ የነበረው ጥላቻ የበረታበት ዘመን ነበር። ሆኖም ከጎበኟቸው 251 ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች የመለሳቸው አንድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ላፒየር ለእነዚያው ቤቶች መጠይቅ ሲልክ፣ መልስ ከሰጡት ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት ቻይናዊ እንግዳ አንቀበልም አሉ። በአፍ ጥላቻን የተናገሩት ሰዎች እንግዳው ፊታቸው ሲቆም አስተናግደውት ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል፤ አፍ ለዝቧል፣ ድርጊቱ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። የጋሉፕ ድርጅት በ1958 በጥቁርና በነጭ መካከል የሚደረግን ጋብቻ ይደግፉ እንደሆነ አሜሪካውያንን ሲጠይቅ አዎን ያሉት ከመቶ 4 ብቻ ነበሩ። በ2021 ቁጥሩ 94 ደረሰ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ እውነተኛም ነው። በሥራ ቅጥር ግን ሌላ ነገር ይታያል። ማሪያን በርትራንድና ሴንድሂል ሙላይናታን የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን ወደ 5,000 የሚጠጉ የፈጠራ የሥራ ማመልከቻዎችን በቺካጎና በቦስተን ለሚገኙ ቀጣሪዎች ላኩ። ትምህርቱና ልምዱ ተመሳሳይ ሆኖ ስሙ ብቻ ይለያይ ነበር። በ2004 በታተመው ውጤት መሠረት፣ እንደ ኤሚሊና ግሬግ ያሉ የነጭ ስሞች እንደ ላኪሻና ጀማል ካሉ የጥቁር ስሞች ይልቅ በግማሽ እጥፍ የሚበልጥ የስልክ ጥሪ አገኙ። ጀማል በወሎም በሐረርም በየቤቱ የሚጠራ ስም ነው። ቀጣሪው ስሙን አይቶ ሲጥለው ባለቤቱ ከቺካጎ ይሁን ከደሴ የሚያጣራበት ጊዜ የለውም።

ስለዚህ የጓዳው ንግግር እንደ ተራ ወሬ ሊታለፍ አይገባውም። ቤት የት እንደሚገዛ፣ ማን እንደሚቀጠር፣ ልጅ ከማን ጋር እንደሚውል የሚወሰነው በጓዳ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ንግግሩ ተሸሽጎ በኖረ ቁጥር የሚያርመው አያገኝም።

የዚህ ንግግር አንዱ ሥር ከሀገር ቤት የመጣ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው በመልኩ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እየተባለ ይለያል፤ በዚህ መለያ ውስጥም ደረጃ አለ። በደቡብና በምዕራብ ዳርቻ ያሉ ሕዝቦች ለረጅም ዘመን በባሪያ ፈንጋዮች ተዘርፈዋል፣ ተሸጠዋል። ሀገሪቱ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1942 በወጣው አዋጅ ነው። ስለዚህ «እኛ ባሪያ ሆነን አናውቅም» የሚለው አባባል የኢትዮጵያን ሕዝብ ግማሽ ታሪክ ይደመስሳል። በጓዳ ለጥቁር አሜሪካዊ የሚሰጠው ስድብ ራሱ ቀድሞ ለኢትዮጵያዊ የተሰጠ ስድብ ነው። በሀገር ቤት ያልታረመ ንቀት ውቅያኖስ ተሻግሮ ሌላ ሰው ላይ አረፈ።

ሁለተኛው ሥር የዓድዋ ኩራት በተሳሳተ መንገድ መተርጎሙ ነው። ቅኝ አለመገዛት እውነተኛ ኩራት ነው። ይህ ኩራት ግን በሌላ ጥቁር ሕዝብ ላይ ብልጫን አይሰጥም። በ1896 የተገኘው ድል በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ የራሳቸው ድል ተደርጎ ተቆጥሯል፤ ኢትዮጵያ የሚለው ስምም ከዚያ በፊት ጀምሮ በአብያተ ክርስቲያናቸው ይጠራ ነበር። በኒው ዮርክ አቢሲኒያን ባፕቲስት የተባለው ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተው ዓድዋ ከመደረጉ 88 ዓመት ቀድሞ በ1808 ነው።

ሦስተኛው ሥር አሜሪካ ውስጥ የበቀለ ነው። ብዙ ስደተኛ አሜሪካን የሚያውቃት ከመምጣቱ በፊት በፊልም ነው፤ በፊልሙም ጥቁሩ ሽጉጥ ይዞ ይታያል። ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራው ታክሲ መንዳት፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ማደር ወይም ድኻ ሰፈር ባለ ሱቅ መሸጥ ይሆናል። ሌሊት ሲሠራ ይዘረፋል፣ አንዳንዱም ይገደላል። ይህ ፍርሃት የተፈጠረ አይደለም፤ ባልንጀራውን የቀበረ ሰው ፍርሃት ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ስህተቱ የሚመጣው የአንድ ድኻ ሰፈር ወንጀል የመላው ሕዝብ ጠባይ ተደርጎ ሲወሰድ ነው። በድኻው ሰፈር ሱቅ የሚገዛው፣ በታክሲ የሚሳፈረው፣ ሠርቶ የሚያድረው ጥቁር ደንበኛ በየዕለቱ ይታያል፤ የሚወራው ግን ስለ ዘራፊው ነው።

በዚህ ላይ የነጭ አሠሪ ምስጋና ይጨመራል። «እናንተ ከእነሱ ትለያላችሁ፣ ታታሪዎች ናችሁ» ይላል አሠሪው፤ ስደተኛውም ደስ ይለዋል። ሜሪ ዎተርስ የተባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1999 በታተመ መጽሐፋቸው በኒው ዮርክ የሚኖሩ የካሪቢያን ስደተኞችን አጥንተው ይህንኑ አግኝተዋል። ነጭ አሠሪዎች ስደተኞቹን ከጥቁር አሜሪካውያን አስበልጠው ያወድሷቸዋል። ውዳሴው ግን ለልጆቻቸው አይተላለፍም፤ አነጋገሩ አሜሪካዊ የሆነውን ልጅ ሰው የሚያየው እንደ ማንኛውም ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ምስጋናው አንዱን ጥቁር በሌላው ጥቁር ላይ የሚያስነሳ ሆኖ በአንድ ትውልድ ያልቃል።

በጓዳ የሚነገሩት ዐረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ሲመረመሩ አይጸኑም። መጀመሪያ «መሥራት አይወዱም» የሚለውን እንይ። ዴቫ ፔጀር የተባለች ተመራማሪ በሚልዋኪ ከተማ ተመሳሳይ ትምህርትና ልምድ ያላቸው የሚመስሉ ወጣቶችን ሥራ እንዲጠይቁ አሰማራች፤ ውጤቱም በ2003 ታተመ። ንጹሕ መዝገብ ያለው ጥቁር ከመቶ 14 ጊዜ ተጠራ። እስር ቤት ገብቶ የወጣ ነጭ ግን ከመቶ 17 ጊዜ ተጠራ። ወንጀል ያልሠራ ጥቁር ወንጀል ከሠራ ነጭ ያነሰ በር የሚከፈትለት ከሆነ፣ የሥራ ማጣቱን ምክንያት ስንፍና ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ቀጥሎ «መንግሥት ይደጉማቸዋል» ይባላል። የምግብ ድጎማ ከሚቀበሉት አሜሪካውያን መካከል በቁጥር የሚበልጡት ነጮች ናቸው። በስደተኝነት ተመዝግቦ የገባ ኢትዮጵያዊም በመጀመሪያዎቹ ወራት የቤት ኪራይ፣ የምግብና የሕክምና ርዳታ ያገኝ ነበር፤ ይህም አላሰነፈውም። በሌላ በኩል ትልቁ የመንግሥት ድጎማ ለጥቁሮች የተከለከለው ነበር። ከ1934 ጀምሮ የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ለቤት ብድር ዋስትና ሲሰጥ የጥቁር ሰፈሮችን አስቀርቷል። በ1944 ለጦር ተመላሾች የወጣው ሕግ ነጭ ወታደሮችን በሚሊዮን እየቆጠረ ባለ ቤትና ባለ ዲግሪ ሲያደርግ፣ ጥቁር ወታደሮች በአብዛኛው በባንኮችና በአካባቢ ባለሥልጣናት ተገፍተው ቀሩ። ቤት ለልጅ የሚወረስ ሀብት በመሆኑ ውጤቱ እስከ ዛሬ ይታያል። በፌዴራል ሪዘርቭ የ2022 ጥናት መሠረት የመካከለኛው ነጭ ቤተሰብ የተጣራ ሀብት 285,000 ዶላር ገደማ ሲሆን የመካከለኛው ጥቁር ቤተሰብ 45,000 ዶላር ገደማ ነበር።

ሦስተኛው አባባል «እኛ በጥቂት ዓመት ቤት ሠራን፣ እነሱ ግን አራት መቶ ዓመት ኖረው ምን አላቸው?» የሚለው ነው። ንጽጽሩ ሚዛኑን ያልጠበቀ ነው። በዲቪ ዕጣ የመጣ ሰው ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሰ ወይም በሙያ ሥራ ሁለት ዓመት የሠራ መሆን ነበረበት፤ ስደተኛ ከሀገሩ ሕዝብ መካከል ተመርጦና ጨክኖ የወጣ ነው። ከአንድ ሀገር ተመርጠው የወጡትን ከሌላ ሀገር መላ ሕዝብ ጋር ማወዳደር ትክክለኛ ውጤት አይሰጥም።

ስደተኛው ቆሞ የሚናገርበትን መሬት ማን እንዳደላደለውም ማወቅ ያስፈልጋል። በ1790 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከውጭ ከመጡ ሰዎች መካከል ዜግነትን ለነጻ ነጮች ብቻ ሰጥቶ ነበር። ለአፍሪካ ተወላጆች የተፈቀደው በ1870፣ ባሪያዎች ነጻ ከወጡበት ጦርነት በኋላ ነው። በ1924 የወጣው የኮታ ሕግ ለመላ ኢትዮጵያ በዓመት የፈቀደው 100 ሰው ብቻ ነበር። ያ ኮታ የፈረሰው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ጥቅምት 3 ቀን 1965 በፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ፣ በነሐሴ 1965 የምርጫ መብት ሕግ ወጥተው ነበር፤ የኢሚግሬሽኑ ሕግ እነርሱን ተከትሎ የመጣ የዚያው የጥቁር አሜሪካውያን የሲቪል መብት ትግል ፍሬ ነው። በዚያ ትግል በበርሚንግሃም ውሻ የተለቀቀባቸው፣ በሰልማ ድልድይ ላይ የተደበደቡት ሰዎች ለኢትዮጵያዊ ቪዛ እየታገሉ እንደሆነ አላሰቡም ነበር። ሆኖም በሩን የከፈቱት እነርሱ ናቸው። ያለ ዘር ልዩነት ቤት የመከራየት መብትም ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1968 በሕግ ጸደቀ።

ከዚያም በፊት ባለውለታዎች ነበሩ። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር በሃርለምና በቺካጎ ጥቁሮች ሰልፍ ወጡ፣ ገንዘብ አዋጡ፣ በሺዎች የሚቆጠሩት ለመዝመት ተመዘገቡ፤ የአሜሪካ መንግሥት ግን ለባዕድ ጦር መሰለፍን ከለከላቸው። ከቺካጎ የሄዱት አብራሪ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የኢትዮጵያን አየር ኃይል መርተዋል፤ ከጦርነቱ በኋላም ተመልሰው ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠልጥነዋል፤ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ አዲስ አበባ ሞተዋል። በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን ጥቁር አሜሪካዊቷን ዶሮቲ ሃድሊን አግብተው፣ በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ። የኢትዮጵያና የጥቁር አሜሪካውያን ዕጣ አንድ ነው ብለው አስተማሩ፤ በ1940 እዚያው ሥራ ላይ ሳሉ ዐረፉ። ዛሬ በጓዳ የሚነገረው ንግግር የዶክተር መላኩን ሥራ ያፈርሳል።

የጓዳ ንግግር በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ጥቁር አሜሪካውያንም በየቤታቸው ስለ ኢትዮጵያውያን የሚሉት አለ፤ «ከእኛ የሚበልጡ ይመስላቸዋል»፣ «ከሰፈራችን ገንዘብ ይወስዳሉ እንጂ እኛን አይቀጥሩም»፣ «ታክሲያቸው ለእኛ አይቆምም» ይላሉ። ይህ ቅሬታ በ2005 በአደባባይ ወጥቷል። በዋሽንግተን ዘጠነኛ ጎዳና ላይ ዩ ስትሪት አጠገብ ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሱቆች አካባቢው ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ እንዲሰየም ሲጠይቁ፣ የሻው ሰፈር ጥቁር ነዋሪዎች ተቃወሙ። የዩ ስትሪት አካባቢ የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት፣ ሃዋርድ ቲያትርና ሊንከን ቲያትር የተሠሩበት፣ ነጮች ባገለሏቸው ዘመን ጥቁሮች የራሳቸውን ከተማ የገነቡበት ነው። በ1968ቱ ሁከት ተቃጥሎ ለዓመታት ሲዳከም ነዋሪዎቹ አልተዉትም። በ1970 ከዋሽንግተን ሕዝብ ከመቶ 71 ጥቁር ነበር፤ በ2011 ከግማሽ በታች ወረደ። ኪራይ ከቤቱ እያስወጣው ያለ ሰው የሰፈሩ ስም በሌላ ሊተካ ነው ሲባል መቃወሙ ጥላቻ ተብሎ ሊመዘን አይችልም። በሁለቱ ወገን መካከል አስቀድሞ ንግግር ቢኖር ኖሮ ጥያቄው በጋራ ሊቀርብ በቻለ ነበር።

የጓዳው ንግግር በመጨረሻ የሚጎዳው ተናጋሪውን ራሱን ነው። ኅዳር 13 ቀን 1988 በፖርትላንድ ከተማ ሙሉጌታ ሥራው የተባለውን ኢትዮጵያዊ ወጣት ራሳቸውን የተላጩ ነጭ ዘረኞች ደብድበው ሲገድሉት፣ ከጥቁር አሜሪካዊ ይለይ እንደሆነ አልጠየቁትም። በ1990 ፍርድ ቤት ገዳዮቹንና ያነሳሷቸውን መሪዎች 12.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ሲፈርድ ክሱን ያቀረበው ከደቡቡ የሲቪል መብት ትግል የተወለደ ድርጅት ነው። ለኢትዮጵያዊው ሟች ፍትሕ ያገኘለት ያ ትግል የገነባው ሕግና ተቋም ነበር።

ከሁሉ የሚበረታው ጉዳት በልጆች ላይ ይደርሳል። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የተወለደ ልጅ በትምህርት ቤት ጥቁር ነው፤ ፖሊስ መኪናውን ሲያስቆመው ጥቁር ነው፤ ጓደኞቹም በአብዛኛው ጥቁሮች ናቸው። ቤት ሲገባ ወላጆቹ ጥቁሮችን ሲንቁ ይሰማል። ስድቡ ለእርሱም እንደሆነ ይገባዋል፤ ወላጆቹ ግን አይገባቸውም። ከዚህ በኋላ ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ ራሱን ይጠላል፣ ወይ ወላጆቹን ይሸሻል። ፖሊስ ሲያስቆመው እጁን የት እንደሚያደርግ የሚያስተምረውም ቤተሰቡ ሳይሆን የጥቁር አሜሪካዊ ጓደኛው እናት ትሆናለች፤ እርስዋ ይህን ትምህርት ከእናቷ ተቀብላዋለች።

አስተሳሰብ ይለወጣል፤ እንዴት እንደሚለወጥም ይታወቃል። ጎርደን ኦልፖርት የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር በ1954 እንደጻፉት ሁለት ወገኖች መገናኘታቸው ጥላቻን የሚቀንሰው በእኩልነት ሲገናኙ፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ተባብረው ሲሠሩና የሚያከብሩት ተቋም ሲደግፋቸው ነው። ከ500 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩት ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ በ2006 መገናኘት በጥቅሉ ጥላቻን እንደሚቀንስ፣ እነዚህ ሁኔታዎች ሲሟሉ ደግሞ ይበልጥ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ሻጭና ገዢ በጥይት መከላከያ መስታወት ግራና ቀኝ መተያየታቸው እንዲህ ያለ ግንኙነት አይባልም። ጆሹዋ ካላና ዴቪድ ብሩክማን በ2020 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ ሰው ሳይፈረድበት ስሜቱን እንዲናገርና ከሌላው ጋር የሕይወት ታሪክ እንዲለዋወጥ ሲደረግ አቋሙ ለወራት በሚጸና መንገድ እንደሚለዝብ፣ ክርክር ብቻ ሲቀርብለት ግን እንደማይለወጥ አሳይተዋል። ተግሣጽ ሰውን ወደ ጓዳው ይመልሰዋል፤ ተደምጦ የሚመለስለት ሰው ግን ያስባል።

ከዚህ በመነሳት ይህ ደብዳቤ ለተጻፈላቸው ተቋማት የሚቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። የማኅበረሰብ ማዕከላት ወላጆችና ልጆች አብረው የሚቀመጡበት፣ በጓዳ የሚባለው ሁሉ ያለ ፍርሃት የሚነገርበትና መልስ የሚያገኝበት የአማርኛ ውይይት ይክፈቱ፤ የተዘረፈው ባለታክሲም፣ በመንገድ የተፈተሸው ልጅም ታሪካቸውን ይናገሩ። አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች በአቅራቢያቸው ካሉ የጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ጋር በእኩልነት የሚሠሩትን ሥራ ይጀምሩ፤ ከአንድ ቀን የጋራ ምሳ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ የተማሪዎች ማስጠኛ ይበልጣል። ሬዲዮኖችና ቴሌቪዥኖች የ1965ን ሕግ ታሪክ፣ የዶክተር መላኩንና የኮሎኔል ሮቢንሰንን ሥራ ለአድማጭ ያሰሙ፤ በስልክ ገብቶ ሕዝብን በጅምላ የሚሳደብንም በጨዋነት፣ ግን ሳያልፉት ይመልሱለት። የቅዳሜና እሑድ የአማርኛ ትምህርት ቤቶች ለልጆች ዓድዋን ሲያስተምሩ ሰልማንም አብረው ያስተምሩ።

ኢትዮጵያዊው በአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ ዘንድ እንግዳ ሆኖ አልመጣም፤ ስሙ በቤተ ክርስቲያናቸው እየተጠራ፣ ለሀገሩ ገንዘብና ሕይወት እየተከፈለ ቆይቶ ነው የመጣው። ይህን ውለታ በአደባባይ ማመስገን ተገቢ ነው፤ በጓዳ የሚሰነዘረው ስድብም እንዲቆም የተቋማቱ መሪዎች ከራሳቸው ቤት ይጀምሩ።